ፊልትሮው መቼ ይደርሳል? ፍጆታውም የመድረሻ ቀኑም በማይታወቅበት ጊዜ የሠራዊት ክምችትን መምራት

አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ሾፌሩም እዚያው ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። የጎደለው በአንድ እጅ የሚጨበጥ የናፍጣ ፊልትሮ ነው። ግምጃ ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው። «ታዟል።» መቼ ታዘዘ? «ቆየ እኮ።» መቼ ይደርሳል? ሰውየው ትከሻውን ይሰብቃል።

ስለ ስንቅና ትጥቅ ክምችት ሲወራ ብዙ ሰው የሚጨነቀው «ስንት ያስፈልጋል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ስብሰባ የሚጠራለትም እሱ ነው። «መቼ ይደርሳል?» የሚለው ግን በግምት ይታለፋል። «ወር ቢፈጅ ነው» ይባልና ያልፋል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። በየቀኑ ለሚወጡ ዕቃዎች መደርደሪያውን ባዶ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የፍጆታው መዋዠቅ ሳይሆን የመድረሻ ቀኑ መዋዠቅ ነው። ይህን ከታች በዚያው ፊልትሮ ላይ በቁጥር እናየዋለን። ካልኩሌተርና የጥቂት ወራት መዝገብ ካላችሁ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ወረቀቱና መደርደሪያው ይታረቁ

ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የመደርደሪያ ካርድ) 84 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 61 አለ። በዚህ ላይ የተሠራ ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቆጠራ ይቅደም። ግን በዓመት አንድ ጊዜ ግምጃ ቤት ተዘግቶ፣ ሁሉም ተሰብስቦ የሚደረገውን ትልቁን ቆጠራ ብቻ ማለቴ አይደለም። በየቀኑ ጥቂት መደርደሪያ ቁጠሩ። ወሳኙ ዕቃ በወር አንዴ ይደርሰው፣ የቀረው በሩብ ዓመት ወይም በግማሽ ዓመት። ልዩነት ስታገኙ ቁጥሩን አስተካክላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሌባ አይገኝም። የሚገኘው ሌሊት በጥድፊያ ወጥቶ ያልተመዘገበ ዕቃ ነው፣ ወይም በተሳሳተ ኮድ ገቢ የሆነ ካርቶን።

የት እንዳለ የማይታወቅ ዕቃ እንደሌለ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የአሜሪካ ጦር ወደ 40,000 የሚጠጉ ኮንቴይነሮች ልኮ ነበር። ውስጣቸው ምን እንዳለ ለማወቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መከፈት ነበረባቸው። ዕቃው ወደቡ ላይ ተከምሮ እያለ ክፍሎች ግን በድጋሚ ያዝዙ ነበር።

ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ሌላ ቁጥር አስሉ። እኔ «የክምችት አቋም» እለዋለሁ። በእጅ ያለው፣ ሲደመር ታዝዞ ያልደረሰው፣ ሲቀነስ ለክፍሎች ያለብን ዕዳ። 60 ፊልትሮ በእጅ አለ፣ 150 መንገድ ላይ ነው፣ 25 ደግሞ ተጠይቆ አልሰጠንም። አቋሙ 185 ነው። ማዘዝ አለብን ወይስ የለብንም የሚለውን የምትወስኑት በ185ቱ እንጂ በ60ው አይደለም። በ60ው የሚወስን ሰው ደንግጦ ሌላ 150 ያዝዛል፣ ከዚያም ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ ሳምንት ይደርሱና ዕቃ ማስቀመጫ ይጠፋል።

ለጦርነት ጊዜ የተቆለፈው ክምችት እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። እሱ ለሰላም ጊዜ መዘግየት ማስታገሻ አይደለም። በተለየ ቦታ፣ በተለየ ካርድ ይያዝ።

2. ዕቃውን በዋጋው ሳይሆን በሚያስቆመው ነገር ለዩት

ሦስት ምድብ ይበቃል። ባይኖር ተልእኮ የሚያስቆም፣ ባይኖር ሥራ የሚያዘገይ፣ ባይኖርም የሚታለፍ። ዋጋን እዚህ አታስገቡት። ፊልትሮ ርካሽ ነው፣ ግን መኪና ያቆማል። ውድ የሆነ የቢሮ ዕቃ ማንንም አያቆምም። ምድቡን ግምጃ ቤቱ ብቻውን አይወስን፤ መካኒኩ፣ የሕክምና ኃላፊውና የዘመቻ መኮንኑ አብረው ይቀመጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለሁሉም ክፍል የራሱ ዕቃ «ወሳኝ» ነው። ወሳኙ ምድብ ከጠቅላላው ዝርዝር አንድ አምስተኛ ካለፈ ተመልሳችሁ ቁረጡ።

3. የወጣውን ሳይሆን የተጠየቀውን መዝግቡ

ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። መዝገቡ ባለፈው ወር 40 ፊልትሮ ወጣ ይላል። ስለዚህ የወር ፍጆታ 40 ነው ይባላል። ግን መደርደሪያው በወሩ አሥራ አንደኛ ቀን ባዶ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ «የለም» ብለን መልሰናል፣ የመለስነውን ግን አልጻፍንም። በመዝገቡ ላይ ፍላጎት የሌለ የሚመስለው ዕቃ ስለሌለን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በ40 ሂሳብ እናዝዛለን፣ እንደገና ይጎድለናል። እንዲህ እያለ ዕጥረት ራሱን ይወልዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። «የለም» የተባለ ጥያቄ ሁሉ ቀኑና ብዛቱ ይመዝገብ። ለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል።

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንድ ጊዜ ዕቃ ያጣ ክፍል በሚቀጥለው ጊዜ 10 ሲፈልግ 20 ይጠይቃል። ሌላውም ሰምቶ 30 ይላል። ከላይ ያለው ዴፖ (ዋናው መጋዘን) ይህን አይቶ 100 ያዝዛል። እውነተኛው ፍጆታ ግን ንቅንቅ አላለም። እዚህ ላይ ክፍሎችን መቆጣት ምንም አያመጣም። የሚሰበስቡት ስለማያምኑን ነው። ትእዛዛቸው የት እንደደረሰ በየሳምንቱ ስትነግሯቸውና ያላችሁትን ቀን ስታከብሩ ጥያቄው ይረግባል። እስከዚያው ግን ከጥያቄ ወረቀቱ ጎን ለጎን የሥራውን መጠን ተመልከቱ። ስንት መኪና፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ የሞተር ስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ለስንት ቀን። ፍጆታን ከሥራ ጋር ስታያይዙት ግነቱ ፊት ለፊት ይታያል።

ከሥራ ጋር ማያያዝ ሌላም ጥቅም አለው። የሰላም ጊዜ አማካይ ለዘመቻ ጊዜ አይሠራም። በ2003 ኢራቅ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2005 ባወጣው ሪፖርት የጎደሉትን ሲዘረዝር ጎማ፣ የሊቲየም ባትሪ፣ የታንክ ሰንሰለት ጫማና የጥይት መከላከያ ልብስ ይገኙበታል። ከምክንያቶቹ መካከል የተሳሳተ የፍላጎት ትንበያና ያልታደሰ የጦርነት ክምችት ስሌት አሉበት። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ያዙ፤ አንዱ የሰላም፣ አንዱ የዘመቻ። ሁለቱን ደባልቃችሁ አንድ አማካይ አታውጡ። ለሁለቱም የማይሆን ቁጥር ነው የምታገኙት።

4. የማድረሻ ጊዜውን ራሱን እንደ ዕቃ ቁጠሩት

እዚህ ትንሽ እንቆይ። የጽሑፉ እምብርት ይህ ነው።

የማድረሻ ጊዜ ማለት ጥያቄው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሊወጣ እስከሚችልበት ቀን ያለው ነው። አቅራቢው «20 ቀን» ያለው የእሱ ድርሻ ብቻ ነው። በመሐል ማጽደቅ አለ፣ ግዢ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ መኪና መጠበቅ አለ፣ ዕቃው ከገባ በኋላም የጥራት ምርመራ አለ። በየደረጃው ቀን ጻፉ። አንድ ጊዜ ያየሁት ነገር አሳቆኛልም አናዶኛልም። ለሁለት ወር ሲጠበቅ የነበረ ካርቶን መቀበያው ወለል ላይ 11 ቀን ተቀመጠ። መኪኖቹ ቆመዋል፣ ዕቃው በራችን ውስጥ ነው፣ የጎደለው የአንድ መርማሪ ፊርማ ነው። ሰውየው ፈቃድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «መንገዱ አስቸገረን» ሲባል መጀመሪያ የማየው የራሳችንን ጠረጴዛ ነው።

አሁን ፊልትሮውን እንያዝ። ያለፉት 8 ትእዛዞች የፈጁት ቀን እንዲህ ነው እንበል፦ 21፣ 22፣ 24፣ 26፣ 28፣ 31፣ 36፣ 52። ድምሩ 240 ነው፣ አማካዩ 30 ቀን። ቀጥሎ መዋዠቁን እንለካ። እያንዳንዱ ከ30 ስንት እንደራቀ ውሰዱ፣ በራሱ አባዙት፣ ደምሩት። 722 ይመጣል። በ7 ስታካፍሉት 103 ገደማ፣ የዚያ ስኩዌር ሩት ደግሞ ወደ 10 ነው። የሂሳብ መምህራን መደበኛ ልይይት የሚሉት ይህ ነው። ማለትም ዕቃው በአማካይ በ30 ቀን ይመጣል፣ ግን ወዲህና ወዲያ 10 ቀን ያህል ይወላገዳል።

ያቺን 52 ለመሰረዝ እጃችሁ ይበላችኋል። «ያኔ እኮ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ አይቆጠርም» ይባላል። ይቆጠራል። መንገድ መዘጋት የሥራው አካል ነው። ከ8 አንዱ እንዲህ ከሆነ ነገም ይሆናል።

ደግሞ ይህንን አስተውሉ። በጣም የፈጠነው ትእዛዝ ከአማካዩ 9 ቀን ቀደመ፣ በጣም የዘገየው ግን 22 ቀን ዘገየ። መዘግየት ጅራቱ ረጅም ነው። አንድ ዕቃ ከተወሰነ ቀን በታች ሊደርስ አይችልም፣ ለመዘግየት ግን ወሰን የለውም።

ለትላልቅ ነገሮች፣ በተለይ ለጥይት፣ የማድረሻ ጊዜው የፋብሪካው አቅም ነው። ብሪታንያ በ1915 ይህን በመራራ መንገድ ተማረች። የመድፍ ጥይት ዕጥረቱ በግንቦት ወር በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት አናጋ፣ ጥምር መንግሥት ተመሠረተ፣ በሎይድ ጆርጅ የሚመራ የጥይትና የጦር ዕቃ ሚኒስቴር ተቋቋመ። ነገሩ የድሮ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በመጋቢት 2023 ለዩክሬን በ12 ወር ውስጥ 1 ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለማቅረብ ቃል ገብቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ያቀረበው ግማሽ ገደማውን ነበር። ገንዘብ ስለተመደበ ብቻ የማምረቻ መስመር በአንድ ሌሊት አይቆምም።

5. የማዘዣ ነጥቡን አስሉ

የፊልትሮው የቀን ፍጆታ በአማካይ 4 ነው እንበል፣ መዋዠቁ 3። አንድ ቀን ምንም አይወጣም፣ ሌላ ቀን 9 ይወጣል። የማድረሻ ጊዜው 30 ቀን፣ መዋዠቁ 10።

በመጠበቂያው ጊዜ በአማካይ የሚወጣው 4 በ30፣ ማለትም 120 ነው። ልክ 120 ሲቀር ብታዝዙ ከሁለት ጊዜ አንዱን ያልቅባችኋል። ስለዚህ መጠባበቂያ ይጨመራል። መጠባበቂያው ከሁለት መዋዠቅ ይሠራል፦

ከፍጆታው፦ የማድረሻ ጊዜ × የፍጆታ መዋዠቅ ካሬ = 30 × 9 = 270

ከቀኑ፦ የፍጆታ ካሬ × የማድረሻ ጊዜ መዋዠቅ ካሬ = 16 × 100 = 1,600

ሁለቱ ሲደመሩ 1,870፣ ስኩዌር ሩቱ 43 ገደማ። ይህን በምትፈልጉት የመተማመኛ ደረጃ ቁጥር አባዙት፤ ደረጃው ከ100 ትእዛዝ ስንቱ መደርደሪያው ባዶ ሳይሆን እንዲደርስ እንደምትፈልጉ ነው። ለ90 በመቶ 1.28፣ ለ95 በመቶ 1.645፣ ለ99 በመቶ 2.33። በ95 በመቶ መጠባበቂያው 71 ይሆናል፣ የማዘዣ ነጥቡም 191። የክምችት አቋሙ 191 ሲደርስ ወዲያው ይታዘዝ።

እነዚያን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩአቸው፤ 270 እና 1,600። አሁን ሁለት ብርቱ ሰዎች አሉን እንበል። አንዱ ለፍቶ የዕለት ፍጆታ መዋዠቁን በግማሽ ቀነሰ። መጠባበቂያው ከ71 ወደ 67 ይወርዳል። 4 ፊልትሮ አተረፈ። ሌላው የማድረሻ ጊዜውን አማካይ ሳይነካ፣ መወላገዱን ብቻ ከ10 ቀን ወደ 5 አወረደ። መጠባበቂያው 43 ይሆናል። 28 ፊልትሮ። አማካዩን እንኳ አላሳጠረም፣ የሚመጣበትን ቀን እንዲታመን አደረገ እንጂ። እንግዲህ ሰው ካላችሁ የት እንደምትመድቡት ግልጽ ነው። ከፊርማ ፊርማ የሚሯሯጥ፣ አቅራቢውን በየሳምንቱ የሚደውልለት፣ ምርመራው በ2 ቀን እንዲያልቅ የሚጨቀጭቅ ሰው መጋዘን ከማስፋት ይበልጣል።

ቀመሩን ግን እንደ ጽላት አትመኑት። ከመዝገባችሁ ጋር አፋጥጡት። 191 ፊልትሮ በቀን 4 ሲወጣ 47 ቀን ከግማሽ ገደማ ይቆያል። ያቺ የ52 ቀኗ ትእዛዝ ብትደገም ለ4 ቀን ያህል ባዶ እጃችንን ነን። ፊልትሮው ተልእኮ የሚያስቆም ምድብ ውስጥ ከሆነ ይህ አይበቃም። 99 በመቶውን ውሰዱ። መጠባበቂያው 101፣ የማዘዣ ነጥቡ 221 ይሆናል፣ 55 ቀን ይቆያል። ያቺን ክፉ ትእዛዝ ይሻገራል። ሥራ በማዘግየት ብቻ ለሚታለፍ ዕቃ ግን 90 በመቶ ይበቃል። ለሁሉም 99 ካላችሁ በጀቱ መሐል መንገድ ላይ ያልቅና ለማንም ሳይሆን ይቀራል።

ቀመሩ አንድ የሚደብቀው ነገርም አለ። ፍጆታና የማድረሻ ጊዜ አይተዋወቁም ብሎ ይነሳል። በሠራዊት ግን ይተዋወቃሉ። ዘመቻ ሲጀመር ፍጆታው ይጨምራል፣ በዚያው ቀን መንገዱም ይጨናነቃል። ስለዚህ የዘመቻውን ስሌት ስትሠሩ ሁሉንም አንድ ላይ አንሱ። ፍጆታው በቀን 10፣ መዋዠቁ 6፣ የማድረሻ ጊዜው 45 ቀን፣ መዋዠቁ 15 ቢሆን የማዘዣ ነጥቡ በ95 በመቶ 705 ይደርሳል። ፍጆታው ያደገው 2 እጥፍ ተኩል ነው፣ የማዘዣ ነጥቡ ግን ወደ 3.7 እጥፍ። «ፍጆታው በእጥፍ ካደገ ክምችቱን በእጥፍ እናድርግ» የሚል ዕቅድ የሚሰምጠው እዚህ ላይ ነው።

6. ስንትና በየስንት ጊዜው?

ክምችቱን በየቀኑ የምታዩ ከሆነ ከላይ ያለው ይሠራል። በወር አንዴ ብቻ የምታዝዙ ከሆነ ግን የሚሸፈነው ጊዜ 30 ሳይሆን 60 ቀን ነው። ዛሬ ያላዘዛችሁትን ከወር በኋላ ነው የምታዝዙት፣ እሱም ለመድረስ ሌላ ወር ይፈልጋል። የፊልትሮው ጣሪያ በ95 በመቶ 316 ይመጣል። በየወሩ አቋሙን አይታችሁ እስከ 316 የጎደለውን እዘዙ። ማዘዣ በሳምንት አንዴ ቢሆን ይህ ቁጥር በደንብ ይወርዳል።

የትእዛዝ መጠን ላይ ብዙ አልቆይም። ፎርድ ሃሪስ በ1913 ያወጣው የታወቀ ቀመር አለ፤ የዓመት ፍጆታን በአንድ ትእዛዝ ወጪ አባዝቶ፣ በ2 አባዝቶ፣ ለአንድ ዕቃ በዓመት በሚወጣ የማስቀመጫ ወጪ አካፍሎ ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። ለሰላም ጊዜ መነሻ ይሆናል። በተግባር ግን መጠኑን የሚወስነው የመኪናው ጭነትና የበጀቱ ዘመን ነው። በትንሹ ቢዛነፍ ጉዳቱ ቀላል ነው።

7. በዓመት ሦስቴ የሚጠየቀው ካምቢዮ

ካምቢዮ፣ ራዳር ክፍል፣ ትልቅ ኩሽኔታ። እነዚህ ወራት ዝም ይሉና በድንገት ይጠየቃሉ። ከላይ ያለው ስሌት እዚህ አይሠራም። «በወር 0.25 ካምቢዮ» የሚባል ነገር የለም። በፖይሶን ስርጭት አስቡት፤ አልፎ አልፎ የሚመጣ ጥያቄ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ዕድሉን የሚሰጥ ቀመር ነው።

በዓመት 3 ይጠየቃል፣ ለመተካት 4 ወር ይፈጃል። በ4 ወር ውስጥ በአማካይ 1 ይፈለጋል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ከ1 በላይ የመጠየቁ ዕድል 26 በመቶ፣ ከ2 በላይ 8 በመቶ፣ ከ3 በላይ 2 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 3 ያዙ፣ አንድ በወጣ ቁጥር አንድ እዘዙ። ጠብቆ በጅምላ ማዘዝ እዚህ የለም።

ላይ የተናገርኩት ነገር እዚህ ይገለበጣል፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። በስልክ መስመሮች ጥናቱ የሚታወቀው ስዊድናዊው ኮኒ ፓልም በ1938 ባሳየው ውጤት መሠረት፣ ጥያቄው እንደ ፖይሶን ሲመጣና አንድ በአንድ ሲተካ፣ የትእዛዞቹ መዘግየት እርስ በርስ እስካልተያያዘ ድረስ ወሳኙ የማድረሻ ጊዜው አማካይ ብቻ ነው። መወላገዱ ቁጥሩን አይለውጠውም። ስለዚህ ለፊልትሮ ቀኑን አስተማምኑ፣ ለካምቢዮ ደግሞ ቀኑን አሳጥሩ። ክሬግ ሸርብሩክ ለአሜሪካ አየር ኃይል ያዘጋጀውና በ1968 የታተመው ሜትሪክ የተባለው ሞዴልም የቆመው በዚህ ላይ ነው። የሚጠገኑ ውድ ክፍሎችን በጦር ሰፈሮችና በዴፖ መካከል ያከፋፍላል።

የሚጠገን ከሆነ ሌላ ምንጭም አላችሁ፤ የተበላሸው ራሱ። ጋራዥ ጥግ አቧራ የጠጣ ካምቢዮ እየተጠበቀ ያለ ክምችት ነው። የተበላሸው ሳይመለስ አዲስ አይውጣ። ከቆመ መኪና ፈትቶ ሌላ መኪና ማንቀሳቀስም አለ። በችግር ቀን ያድናል፣ ግን እየተፈታ ያለ ክፍል እንደ ፍላጎት ካልተመዘገበ መዝገቡ እንደገና ይዋሻችኋል።

ገንዘብ ሲያጥር የቀረውን እንዴት ታካፍላላችሁ? በየዕቃው አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚቀጥለው አንድ ፍሬ ስንት የቆመ መኪና ያድነኛል፣ በስንት ዋጋ? ሁለተኛው ካምቢዮ አደጋውን ከ26 ወደ 8 ያወርደዋል። ሦስተኛው ከ8 ወደ 2። የሦስተኛው ካምቢዮ ዋጋ የብዙ ዕቃ መጠባበቂያ የሚሞላ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው።

8. ወደፊት ይሁን ወደኋላ?

ዘጠኝ ሻለቃ አለ እንበል፣ የእያንዳንዱ የፍላጎት መዋዠቅ 10 ነው። ለየብቻ ከያዙ የመዋዠቁ ድምር 90 ነው። አንድ ቦታ ከተቀመጠ ግን 30 ብቻ፤ አንዱ ጋ ሲጨምር ሌላው ጋ ይቀንሳልና። በወረቀት ላይ ሁሉን ወደ ማዕከል መሰብሰብ አሸናፊ ይመስላል።

ግን ዘጠኙም በአንድ ዘመቻ ከገቡ ፍላጎታቸው አብሮ ነው የሚወጣው። መቻቻሉ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከማዕከሉ እስከ ግንባሩ ያለው መንገድ ራሱ የማድረሻ ጊዜ ነው። በ1944 የበጋው መጨረሻ ላይ በፈረንሳይ የአጋር ኃይሎች ነዳጅ ያጡት ነዳጅ ስላልነበረ አይደለም። ነዳጁ በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ነበር፣ ግንባሩ ግን ርቆ ሄዷል። ሬድ ቦል ኤክስፕረስ የተባለው የመኪና ሰንሰለት ከነሐሴ 25 እስከ ኅዳር 16 ሌት ተቀን የሮጠው ለዚህ ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውም ነዳጅና ጎማ ይበሉ ነበር።

የእኔ አከፋፈል ይህ ነው። ርካሽ፣ ትንሽ፣ ወሳኝ የሆነው ወደፊት ይሂድ፤ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ ባትሪ፣ ፋሻ። ውድ፣ ከባድ፣ ብርቅ የሆነው ወደኋላ ይቀመጥ። ነዳጅ፣ ጥይት፣ ውሃና ቀለብ ደግሞ በዘመቻው መጀመሪያ ቀናት ጥያቄ ሳይጠበቅ በዕቅድ ይገፋ። የሚዋጋ ክፍል ፎርም የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ሁኔታው ሲረጋጋ ወደ ጥያቄ ትመለሳላችሁ። ይህን መመለስ አትርሱ፣ አለዚያ ማንም ያልጠየቀው ዕቃ ግንባር ላይ ተራራ ይሠራል።

9. የሚያረጅ ነገር

ቀድሞ የገባ ሳይሆን ቀድሞ የሚያልቅበት ይውጣ። መጠባበቂያውን የሚገድበው የዕድሜው ርዝመት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ በተለመደው ማቆያ እስከ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ለ60 ቀን ልያዝ ብትሉ የምትይዙት ቆሻሻ ነው። ጎማም፣ ባትሪም መደርደሪያ ላይ እያሉ ያረጃሉ። የተቆለፈው የጦርነት ክምችት በተለይ ዘብ ስለቆመለት ብቻ ትኩስ አይሆንም። በየጊዜው አሮጌውን ለዕለት ሥራ አውጡ፣ በአዲስ ተኩበት።

10. ትእዛዝ ከሄደ በኋላ፣ ዕቃም ሲያልቅ

ትእዛዝ ልኮ መተኛት የለም። ለፊልትሮው ሦስት የማንቂያ ቀን ካርዱ ላይ ጻፉ። በ20ኛው ቀን «ተጭኗል ወይ?» ብላችሁ ደውሉ። 31ኛው ቀን ካለፈ የት እንደቆመ በስም እወቁ። 36ኛው ካለፈ ትእዛዙ ወደ 52ቷ ጅራት እየሄደ ነውና ሌላ በር አንኳኩ፤ ጎረቤት ክፍል፣ ተመሳሳይ የሚሠራ ሌላ ዓይነት፣ ሁለተኛ አቅራቢ።

በወሩ መጨረሻ ሦስት ነገር ቁጠሩ። በመጀመሪያ ጥያቄ ስንቱ ተሰጠ፣ ያልተሰጠው ስንት ቀን ቆየ፣ በዕቃ ጉድለት ስንት መኪና ቆመ። የሦስቱን ዝርዝር ለየምድቡ ለይታችሁ እዩ። «በአጠቃላይ 94 በመቶ» የሚል ሪፖርት ደስ ይላል፣ ግን እስክሪብቶና ወረቀት መቶ በመቶ፣ የፍሬን ሸራ ደግሞ 50 በመቶ ሊሆን ይችላል። በየሩብ ዓመቱ የማድረሻ ቀናቱን አድሱና ስሌቱን እንደገና ሥሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዴ ያልቃል። ያን ቀን የሚጮኸው ሁሉ ወደ ግምጃ ቤቱ በር ይመጣል፣ ድምፁ የጎላው ይወስዳል። ይህን አስቀድማችሁ ዝጉት። ቢን ካርዱ ላይ በቀይ አንድ መስመር አስምሩ፤ ለፊልትሮው 30 ላይ እንበል። ከመስመሩ በላይ እያለ ለመደበኛ ሰርቪስም ይወጣል። ከመስመሩ በታች ሲወርድ የሚወጣው በፊልትሮ ምክንያት ለቆመ መኪና ብቻ ነው፣ የሚፈርመውም አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ዛሬ፣ መደርደሪያው ሙሉ እያለ፣ ስሙና ስልኩ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ተተኪውም ጭምር፤ ዋናው ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላል።